ገመድ ይዘን ወደ ፏፏቴው

ከሚዛን ተፈሪ ወጣ ብሎ ያለውን ፏፏቴ በገመድ ልንወርድ፣ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር እየተሳሳቅን አንድ መንደር አቋረጥን። ዞር ስል ሰው ተከትሎናል፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል።

ገደሉ አፋፍ ላይ ስንደርስ አንድ አዛውንት ጠጋ ብለው፣ «ውሃው ማንን ወሰደ?» አሉኝ። ለካ እዚያ ገመድ ተይዞ ወደ ፏፏቴው የሚኬደው አስከሬን ለማውጣት ነው!

«ማንንም አልወሰደም አባባ። ለመዝናናት ነው የመጣነው» አልኩ፤ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሰዉ ተበተነ።

አንዲት እናት ብቻ ቀሩ። ነጠላቸውን እንዳዘቀዘቁ፣ ገመዳችንን በክንዳቸው እየለኩ እስከ ጫፉ ደረሱ።

«መውረድህ ካልቀረ የኔ ጌታ፣» አሉኝ፣ «ልጄን እይልኝ። ገመድ አጥሮ ነው እዚያ የቀረው።»