ካድሬው ዳቦ ያደለ ቀን

ባለፈው ሳምንት ቴፒ ውስጥ፣ ሴት ልጆች ፊታቸውን ሸፍነው ይማሩ አይማሩ እያልን ወላጆች በትምህርት ቤቱ ግቢ ስንጨቃጨቅ፣ ከአጥሩ ማዶ አዲስ የታጨደ የቡና ማሳ አረም ሽታ መጣና ሐሳቤን ከስብሰባው ነጥቆ ወሰደው። አንዱ «መንግሥት ሃይማኖታችን ውስጥ አይግባ» ይላል፣ ሌላው «ሃይማኖትም ትምህርት ቤት አይግባ» ይላል፤ እኔ ግን የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ እዚያው ቡና ጥላ ሥር፣ በደርግ ዘመን ቆሜያለሁ።

አባቴ የቀበሌ ሊቀመንበር፣ ታላቅ ወንድሙ ሼህ አወል ደግሞ ቁርአን እያስቀሩ የሚያስተምሩን አጎቴ ነበሩ። ከጅማ አብረው መጥተው ቤታቸውን የሠሩት ጎን ለጎን ነው፤ በመሃል ያለው አጥር ለወጉ ያህል ቆመ እንጂ ዶሮም ልጅም እንደ ልቡ የሚያልፍበት ቀዳዳ ነበረው። አባቴ ቀን ስለ ጭቁኑ ሕዝብ ሲሰብክ ይውልና፣ በረመዳን ፀሐይ ስትጠልቅ በዚያ ቀዳዳ ጎንበስ ብሎ አልፎ ከወንድሙ ጋር ከአንድ ትሪ ያፈጥራል። አጎቴ ሳምቡሳውን ወደሱ እየገፉ «ብላ እንጂ ጓድ ሊቀመንበር» ሲሉት እስኪያስለው ይስቅ ነበር። አገር ማለት ለእኔ ያ ሳቅ ነበር።

አንድ የረመዳን ቀን የመንግሥትን ቡና ለማረም ቀበሌው፣ ተማሪውም ሳይቀር፣ ለዘመቻ ወጣ። እኩለ ቀን ላይ ከሚዛን የመጣ ካድሬ ዳቦ በጆንያ አስመጥቶ አሰለፈንና «አብዮት በባዶ ሆድ አይሠራም» አለ፤ የማይበላውን ሊለይ እንደሆነ እኛ ልጆቹ እንኳ ገብቶናል። መጀመሪያ የሰጠው ለአባቴ ነው። አባቴ ሰው ሁሉ እያየው፣ አጎቴም ከሰልፉ ጫፍ ሆነው እያዩት፣ ጎረሰ። እኔ ግን ከኋላው ነበርኩና ካድሬው ፊቱን ሲያዞር አባቴ ጎንበስ ብሎ ጉርሻውን አረሙ ውስጥ ሲተፋው አየሁ። ዓይን ለዓይን ስንጋጠም ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ።

የዚያን ዕለት ለማፍጠሪያ የጠራን የለም። በማግስቱ አጎቴ ቀዳዳውን በቆርቆሮ ደፈኑት። እናቴ «ሂድና እውነቱን ንገራቸው» ብትለው አባቴ «ወሬው ካፈተለከ የምታሰረው እኔ ነኝ፤ ደግሞስ ወንድሜ ሳይጠይቀኝ ነው የፈረደብኝ» አለና በሩን ዘግቶ ብቻውን ማፍጠር ጀመረ። ደርግ ወደቀ፣ የሚያሳስረው ነገርም አብሮ ወደቀ፣ ኩራቱ ግን አልወደቀም። መንገድ ላይ ሲገናኙ ሰላምታ ይለዋወጣሉ፣ ከዚያ ወዲያ አንድ ቃል የለም። አባቴ እንደዚሁ እንዳለ ሞተ።

በለቅሶው ሦስተኛ ቀን አላስችል አለኝና ያየሁትን ለአጎቴ ነገርኳቸው። ደስ ይላቸዋል ወይ ያለቅሳሉ ብዬ ነበር።

«ልጄ፣ እኔ መች ተቆጣሁት» አሉኝ። «ካድሬው እኔ ፊት ቆሞ አላንቀሳቅስ ሲለኝ ፈራሁ። እኔ የሰጠኝን ዳቦ ውጬዋለሁ። አባትሽ ያየኝ መስሎኝ ነው ቀዳዳውን የደፈንኩት፤ በምን ዓይኔ አይቼው ከአንድ ትሪ ላፍጥር?»

አፌን ባልይዝ ኖሮ እያልኩ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ስንት ረመዳን እንዳለፈ ልቆጥር ሞከርኩና ተውኩት፤ ሁለቱም በየቤታቸው፣ አንዱን አዛን እኩል እየሰሙ፣ አንዱ እያፈረ ሌላው እየተቀየመ፣ ለብቻቸው አፈጠሩ።