የእትዬ ግራም ኬክ እና የሻምበል ዙር

በመጀመሪያ ይቅርታ እጠይቃለሁ። እኔ በር ጠባቂ ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት ጢሜ ካበቀለ በኋላ ነው፤ አሁንም ረጅም ቃል ሲያጋጥመኝ መሃሉ ላይ አረፍ ብዬ ነው የምቀጥለው። መጻፍ የሌሎች ሰዎች ሥራ እንደሆነ አላጣሁትም። ግን ስለ እትዬ ግራም እኔ ካልጻፍኩ ማንም አይጽፍም፤ በግቢያችን መጻፍ የሚችሉት ሰዎች ሁሉ ተከሳሾች ናቸውና። እኔም ተከሳሽ ነኝ። የሚለየኝ ነገር ቢኖር ማፈሬ ነው። የተሳሳትኩት ካለ እያረማችሁ አንብቡልኝ።

ግቢው አራት ቤቶች አሉት፤ በሦስቱ አንዲት አስተማሪ፣ አንድ ልብስ ሰፊና አንድ ጡረተኛ ሹፌር ይኖራሉ። መሃሉ ሲሚንቶ የፈሰሰበት ሜዳ ነው፤ በሩ አጠገብ ደግሞ የእኔ ክፍል አለች። ክፍል ማለት ካለብኝ ነው፤ እግሬን ስዘረጋ በሯ አይዘጋም። እትዬ ግራም የሚኖሩት ቁጥር አንድ ቤት ውስጥ ነው። የግቢው ሊቀመንበርም እሳቸው ናቸው፤ እኔን የቀጠሩኝም እሳቸው።

ግራም ያልናቸው እኛ ነን። ሠላሳ አንድ ዓመት ፖስታ ቤት ውስጥ ጥቅል ሲመዝኑ ኖረው ጡረታ ወጡ። የሥራ ባልደረቦቻቸው የግድግዳ ሰዓት ሊሸልሟቸው ነበር አሉ። እሳቸው ግን ሊጣል የተዘጋጀውን የጥቅል ሚዛን ለምነው አመጡ። አረንጓዴ ቀለም የተቀባ ብረት ነው፤ የሚነሳው በሁለት ሰው ነው። አንደኛው ሰው እኔ ነበርኩ፤ ወገቤ እስከ ዛሬ አልረሳውም።

ሚዛኑ ኩሽናቸው ውስጥ ገብቶ ጓደኛ አላጣም። እትዬ በሳምንት አንድ ቀን አሮጌ ዕቃ የሚሸጥበት ሰፈር ይሄዳሉ፤ ባዶ እጃቸውን ተመልሰው አያውቁም። አንድ ቀን የዓሣ ቅርጽ ያለው የኬክ መጋገሪያ ይዘው መጡ። ሌላ ቀን ሁለት መምቻ ሊኖረው ሲገባ አንድ ብቻ የቀረው የእንቁላል መምቻ ማሽን። ሌላ ቀን ደግሞ ሻጩም ገዢዋም ለምን እንደሚያገለግል የማያውቁት ጠማማ ማንኪያ።

"ይሄ እኮ ዛሬ ዛሬ አይገኝም" ይሉኛል በሩ ላይ ቆመው እያገላበጡ።

"አይገኝም እትዬ" እላለሁ። ለምን እንደማይገኝ አልጠይቅም፤ እያየሁት ነዋ።

ሁለት ውሾች አሏቸው። ትልቁ ሻምበል ይባላል። ቡናማ ነው፤ ሰው ሲያይ ጅራቱን ብቻ ሳይሆን ከወገቡ ወዲያ ያለውን ሁሉ ነው የሚወዘውዘው። ትንሿ ቁራጭ ናት። እግሯ አጭር ነው፤ ፊቷ ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ነገር የሸተታት ይመስላል። ሁለቱም የሚበሉት በሚዛን ነው። ለሻምበል አራት መቶ ግራም፣ ለቁራጭ መቶ ሃምሳ። ሻምበል ሚዛኑን ሲያይ ፊቱ ይጠቁራል።

ቅዳሜ ቅዳሜ እትዬ ኬክ ይጋግራሉ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን የዓሣውን ቅርጽ በሳህን አድርገው ቆርጠው ያድላሉ። ጭንቅላቱ ለአስተማሪዋ ነው፣ የተማረች ናትና። ደረቱ ለልብስ ሰፊው፣ ወገቡ ለጡረተኛው ሹፌር። ጭራው የእኔ ነው።

ስለ ኬኩ እውነቱን ልናገር፣ የምጽፈውም ለዚህ ነው። ላዩ የከሰል ቅርፊት ነው። ቅርፊቱን ስታልፉት ሊጥ ታገኛላችሁ። ሊጡን ስትውጡት ጨው ይቀበላችኋል። ስኳሩም አለ፣ አልጎደለም፤ ግን ከጨው ጋር ተጣልቶ አንድ አፍ ውስጥ የገባ ነው የሚመስለው። መጀመሪያ የቀመስኩት ቀን ዓይኔ እንባ አቀረረ። እትዬ ቆመው ያዩኝ ነበር።

"ጣፈጠህ?" አሉኝ።

"ቃል የለኝም እትዬ" አልኳቸው። ይሄ እንኳ ውሸት አልነበረም።

በሁለተኛው ሳምንት ዞር እስኪሉ ጠብቄ ጭራውን ለሻምበል ሰጠሁት። በአንድ ጉርሻ ዋጠው፤ ባለውለታዬ ሆነ። ቁራጭ ግን ቀረብ ብላ አሸተተች፣ ቀና ብላ አየችኝ፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ ሄደች። በግቢያችን ከነበርነው ሁሉ ሐቀኛዋ እሷ ነበረች። ያኔ ይህን የማደርገው እኔ ብቻ መስሎኝ በየቅዳሜው አፍር ነበር። ቀስ በቀስ ግን ሻምበል ወደ እኔ ሲመጣ ጢሙ ላይ ፍርፋሪ ይዞ መምጣቱን አስተዋልኩ። ሻምበል ወደ እኔ የሚመጣው ከሦስት ቤት በኋላ ነበር።

ሁለት ዓመት እንዲህ አለፈ። እትዬ ባዶ ሳህን ይሰበስባሉ፣ ምስጋና ይሰበስባሉ፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ ደግሞ ይጋግራሉ።

ባለፈው ወር ሻምበል ደረጃ መውጣት አቃተው። ሁለት ደረጃ ነው። የፊት እግሮቹን ያወጣል፣ የኋላዎቹን ሰው እንዲያመጣለት ዞሮ ያያል። እትዬ ደነገጡ። ታክሲ ጠሩ፤ እኔ ከኋላ እየገፋሁት ገባ፤ የእንስሳት ሐኪም ቤትም አብሬያቸው ሄድኩ።

ሐኪሙ መዘነውና ቁጥሩን ሁለቴ አየ። "አሥራ አንድ ኪሎ ትርፍ አለው" አላቸው። "ጣፋጭ ነው የሚበላው። በዚህ ከቀጠለ ልቡ አይችልም። ክረምቱን አይዘልቅም።"

"እኔ በቀን አራት መቶ ግራም ነው የምሰጠው" አሉ እትዬ። ድምፃቸው ቀጠነ። "መዝኜ ነው።"

"እንግዲያው ሳይመዝን የሚሰጠው ሰው አለ" አለ ሐኪሙ።

እኔ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የድመት ሥዕል አጥብቄ ማየት ጀመርኩ።

የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ግቢው ሜዳ ላይ ስብሰባ ተጠራ። እትዬ ወንበራቸውን ይዘው ወጡ። ሻምበል እግራቸው ሥር ተዘርግቶ ያንኮራፋል።

"ይሄን ውሻ የሚገድል ሰው እዚህ ግቢ ውስጥ አለ" አሉ።

"ኧረ እትዬ፣ ማን ይጨክናል" አለች አስተማሪዋ።

ልብስ ሰፊው ከሸሚዙ ላይ ክር እየለቀመ፣ "እኔ በበኩሌ የእርስዎን ኬክ ፍርፋሪ አላስተርፍም" አለ።

"እኔማ ሳህኑ ታጥቦ ነው የሚመለስልዎ" አለ ሹፌሩ። እውነቱን ነው፤ ያጠበውን ምላስ ግን አላነሳም።

ከዚያ አስተማሪዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "እንግዲህ ቀኑን ሙሉ ከውሻው ጋር የሚውለው ማን ነው?" አለች። "ዘበኛችን ደግ ሰው ነው፤ እኔ ክፉ ነው አላልኩም። ግን ደግነትም ሲበዛ..."

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ሲዞሩ እፎይ አሉ። እውነቱን ብናገር ሦስት ጎረቤት ማዋረዴ ብቻ አይደለም፤ ለእትዬ "ኬክዎን በልቶት የሚያውቅ ሰው የለም" ማለቴ ነው። ዝም ብል ደግሞ ጥፋቱን ተቀበልኩ ማለት ነው። እኔ ነገር እስካስብ ሌላው ተናግሮ ይጨርሳል፤ ያን ቀንም እንደዚያው ሆነ።

"እስከ ቅዳሜ" አሉኝ እትዬ። "እስከ ቅዳሜ ማን እንደሚያበላው ካልነገርከኝ ሌላ በር ፈልግ።" ሻምበልን ይዘው ገቡ። ሳምንቱን ሙሉ ቤት ቆልፈውበት ዋሉ።

በዚያ ሳምንት ክፍሌ እንግዳ አላጣችም። አስተማሪዋ መጣችና፣ "ወንድሜ፣ ልባቸውን እንዳትሰብር" አለችኝ። ልብስ ሰፊው ሱሪዬን ዝቅ ብሎ አየና፣ "አምጣው እንጂ፣ ጉልበቱን በነፃ እጠግንልሃለሁ" አለ። ሹፌሩ ትከሻዬን ይዞ፣ "ሴትዮዋ እኮ ደካማ ናቸው፣ ቢሰሙ ይሞታሉ" አለኝ። "ሥራ ግን ሌላ ይገኛል።" ለማን እንደሚገኝ አልነገረኝም። እሱ አርባ ዓመት አንድ መኪና ላይ የኖረ ሰው ነው።

አርብ ቀን ልብሴን በፌስታል ሰበሰብኩ። "እኔ ነኝ" ብዬ ልሄድ ቆርጬ ነበር።

ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እትዬ ኬካቸውን እንደ ወትሮው አደሉ። ፊታቸው ላይ ምንም የለም። ጭራውን ሰጡኝ፣ ገቡ። ጥቂት ቆይተው በራቸው እንደገና ተከፈተ፤ ሻምበልን በገመድ ይዘው ወጡ። ገመዱን ረዘም አድርገው ለቀቁለትና፣ "ሂድ" አሉት።

ሻምበል አላመነታም። ሳምንት ሙሉ የተጠራቀመ ቀጠሮ ያለበት ባለሥልጣን መስሎ፣ እያለከለከ፣ ቀጥ ብሎ አስተማሪዋ በር ላይ ሄዶ ቁጭ አለ። በቀኝ እግሩ ሁለቴ ቧጨረ። በሩ በእጅ ስፋት ተከፈተ፤ እጅ ወጣ፤ እጁ ላይ የዓሣው ጭንቅላት አለ።

"ና የኔ ጌታ፣ ቶሎ በል" አለ የአስተማሪዋ ድምፅ።

እትዬ ከግድግዳው ጥግ ገመዱን ሳብ አደረጉ። "ደህና ዋልሽ" አሏት። እጁ እዚያው አየር ላይ ቀረ።

ሁለተኛው የልብስ ሰፊው መስኮት ነበር። ሻምበል እንደ ምንም ብሎ የፊት እግሮቹን መስኮቱ ላይ ሰቀለ፤ ደረቱ ከነወረቀቱ ተወረወረለት፤ እትዬ ከመሬት አነሱት። "ደህና ዋልክ።" ሹፌሩ በረንዳው ላይ ተንበርክኮ ነው ያገኙት። ለሕፃን እንደሚቆረጥ በትንሽ በትንሹ ቆራርጦ እያዘጋጀ ነበር። "ደህና ዋሉ" አሉት፣ አለፉ።

እኔ ይሄን ሁሉ ከክፍሌ በር ላይ አያለሁ፤ ጭራው እጄ ላይ ነው። እስኪደርሱ ልበላው እችል ነበር። አልበላሁትም።

"አንተም?" አሉኝ።

"እኔም እትዬ።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ኬክ መጋገር ከጀመሩ በሁለተኛው ሳምንት።"

"በመጀመሪያውስ?"

"በላሁት" አልኩ። "እንዴት እንደበላሁት ግን አላውቅም።"

በርጩማዬ ላይ ቁጭ አሉ። ሻምበል ጭራውን ያያል፣ እኔን ያያል፣ ጭራውን ያያል። እትዬ፣ "እኔ እኮ ቀምሼው አላውቅም" አሉ።

አልገባኝም።

"ስኳር አለብኝ። ሐኪሜ ጫፉን እንኳ እንዳትነኪ ብሎኛል። እናንተ ጣፈጠ ስትሉኝ፣ ጣፈጠ ማለት ነው ብዬ ተውኩት።"

ይሄ አንጀቴን በላው። ሻይ ያለ ስኳር እንደሚጠጡ ግቢው ሁሉ ያውቃል። አራታችንም በየቅዳሜው ለሁለት ዓመት "ከዚህ የተሻለ ሠርተው አያውቁም" ስንላቸው፣ እኚህ ሴትዮ በእኛ ምላስ ነው የሚቀምሱት ብሎ ያሰበ ግን አልነበረም።

"ምኑ ነው መጥፎው?" አሉኝ።

"ላዩ ያርራል። ውስጡ አይበስልም።"

"ሌላስ?"

"ጨው ይበዛዋል፣ እትዬ።"

"አምስት ግራም ነው" አሉ ቆጣ ብለው። "ናማ።"

ኩሽና ገባን። ሚዛኑ ላይ ወረቀት ዘረጉና ጨው ነሰነሱ። መርፌው ዝም። ጨመሩ። ዝም። "ትንሽ ያስቸግራል፣ አሁን ይነሳል" እያሉ ደግመው አፈሰሱ። መርፌው ንቅንቅ ሲል ወረቀቱ ላይ እፍኝ የሞላ ጨው ነበር። ሁለታችንም ቆመን አየነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሚዛን ላይ ያፈጠጡት ሰው ዓይናቸው እዚያ እፍኝ ላይ ቀረ።

"ለጥቅል ነው እኮ የተሠራው" አሉ ቀስ ብለው። "ከአምሳ በታች አይሰማውም።" ቆይተው ደግሞ፣ "ቤኪንግ ፓውደሩንም የምመዝነው በዚሁ ነው" አሉ።

"ሂድ በርህን ጠብቅ" አሉኝ። የትኛውን በር እንደሆነ ለመጠየቅ ፈራሁ። ፌስታሌን አልፈታሁትም።

በማግስቱ እሁድ ገና ሁለት ሰዓት ሳይሆን ግቢው የኬክ ሽታ ሸተተ፤ የማረር ሽታ ግን አልነበረውም። እትዬ ሽርጣቸውን እንዳሰሩ ወጡ። በአንድ እጃቸው ሳህን፣ ክንዳቸው ላይ የሻምበል ገመድ፣ አጠር አድርገው። ቁራጭ ከኋላ ትከተላለች። የሄዱትም በሻምበል ተራ ነው።

አስተማሪዋ በሌሊት ልብስ ወጣች።

"እንደምን አደርሽ። ብዪ።"

"ቆይ እትዬ፣ በኋላ ከሻይ ጋር..."

"እዚሁ። እኔም ሻምበልም እንጠብቃለን።"

ቆመው አስጨረሷት። ልብስ ሰፊው ሜትሩ አንገቱ ላይ እንዳለ ገና ከመጉረሱ "ድንቅ ነው" አለ፤ "አልዋጥከውም እኮ" አሉት። ሹፌሩ ግማሹን ለነገ ላስቀምጥ ብሎ ለመነ። "ወገቡ የእርስዎ ነው" አሉት፤ ሻምበልም እያንዳንዷን ጉርሻ በዓይኑ ሸኘለት።

መጨረሻ ወደ እኔ መጡ። ጭራውን ሰጡኝ፤ ከጆሯቸው ላይ እርሳስ አወረዱ፤ ወረቀት አወጡ።

"እውነቱን" አሉ።

አላመጥኩ። ዋጥኩ። "ጨው ጨርሶ የለውም እትዬ" አልኩ።

"ፈርቼ ተውኩት። በሻይ ማንኪያ መለካት ነበረብኝ። ላዩስ?"

"ላዩ ደህና ነው። ውስጡ ግን አሁንም ሊጥ ነው።"

ጻፉ። መሬት መሬት እያየሁ፣ "ሌላ በር ልፈልግ?" አልኳቸው።

"ቅዳሜ ማን ይቀምስልኛል?" አሉ፣ ቀና ሳይሉ።

ከእጄ ትንሽ ፍርፋሪ ወድቃ ነበር። ቁራጭ ቀረበች፣ አሸተተች። እንደ ልማዷ ትሄዳለች ስል አንዴ ላስ አደረገች። ቆም ብላ አሰበች። ከዚያ ፊቷን አዙራ ሄደች።

እትዬ አይተዋታል። እሱንም ጻፉት።