ለተኛ ሰው የምታወራው እህቴ

ታላቅ እህቴ ኦፕራሲዮን ለሚደረጉ ሰዎች ማደንዘዣ የምትሰጥ ነርስ ነበረች። በሽተኛው ጭልጥ ብሎ ከተኛ በኋላም፣ «አይዞህ፣ ትራስህን ላስተካክልልህ ነው» እያለች ታወራዋለች። ሐኪሞቹ «ሲስተር፣ አይሰማም እኮ!» ብለው ሲስቁባት፣ «ገብታችሁ አይታችኋል?» ትላቸው ነበር።

ባለፈው ክረምት ራሷ ታማ፣ ሳትነቃ ሦስት ቀን ተኛች። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ እጇን ያዝኩ። ዶክተሯ፣ «አባባ፣ ያናግሯት እንጂ፤ ምናልባት ትሰማ ይሆናል» አለችኝ። ክፍሉ ሰው ሞልቶበት ነበርና አፈርኩ፤ ደግሞም ደክሞኝ ነበር። ዝም አልኩ። በዚያው ሄደች።

ቀጨኔ ያለው ቤቷ አሁን ተዘግቷል። ዳገቱን እንደምንም ወጥቼ ደጃፏ ላይ አረፍ እላለሁ። የምነግራት እኮ ብዙ አልነበረም። «እትዬ፣ ድመትሽን አብልቻታለሁ፤ እኔም እዚሁ አለሁ» ብላት በቃ፣ ይበቃት ነበር።