ሚስ ሚቺኮ ያጠቡኝ ቀን

የመጀመሪያ የሥራ ቀኔ ሚኔሶታ፣ ኒው ሆፕ ከተማ ውስጥ፣ ስትሮክ የመታቸው አንድ ሽማግሌ ቤት ነበር። ያሠለጠነችኝ ፌይዝ የምትባል ላይቤሪያዊት ናት። ሰውየውን ሻወር ቼር የሚባለው የመታጠቢያ ወንበር ላይ አስቀመጠች፣ ጓንቷን አጠለቀች፣ በአሥራ ሁለት ደቂቃ ውስጥ አጥባ፣ አድርቃ፣ አልብሳ ጨረሰች። እኔ ፎጣ ይዤ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። በአባቴ ዕድሜ ያለ ሰው ራቁቱን ሳይ የመጀመሪያዬ ስለነበር ዓይኔን የማሳርፍበት አጣሁ።

«ካሰብሽበት ታፍሪያለሽ፤ ካፈርሽ ትዘገያለሽ፤ ከዘገየሽ ይበርዳቸዋል» አለችኝ ፌይዝ። ያንን ይዤ ሥራ ጀመርኩ።

ሥራችን ሆም ኬር ይባላል። አቅም ያነሳቸውን ሰዎች እቤታቸው ሄደን እናነሳለን፣ እናጥባለን፣ እናበላለን፣ መድኃኒታቸውን እናስታውሳለን። ያደረግነውን በየቀኑ ቻርት ላይ እንጽፋለን። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ኤጀንሲያችን ውስጥ በፍጥነት የሚስተካከለኝ አልነበረም። ሌሎች ያቃታቸው ደንበኛ ሲኖር ነርሷ ፓም፣ የሁላችንም አለቃ፣ «አዳነችን ላኩ» ትል ነበር፤ አዳነች እኔ ነኝ። እኔም በዚህ እኮራ ነበር።

ሚስ ሚቺኮ ጋ የተላክሁትም በዚህ ምክንያት ነው። የሰማንያ ስድስት ዓመት ጃፓናዊት ናቸው። በወጣትነታቸው አሜሪካዊ ወታደር አግብተው ወደ ሚኔሶታ መጡ። ባላቸው ሞተው ክሪስታል በምትባል ከተማ በምትገኝ ትንሽ ቤት ብቻቸውን ይኖራሉ። ዳሌያቸው ተሰብሮ በቀዶ ሕክምና ተጠግኗል፤ የሚሄዱት ዎከር የሚባለውን ባለ ጎማ መደገፊያ ይዘው ነው። ምግብ ይቀበሉኛል፣ መድኃኒት ይቀበሉኛል፣ ሲነሱ ጌት ቤልት የምንለውን የወገብ መያዣ ቀበቶ ሳስርላቸው ዝም ይላሉ። ሻወር ሲባል ግን ፊታቸው ይዘጋል። ኬር ፕላናቸው፣ ማለትም የእንክብካቤ ዕቅዳቸው፣ በሳምንት ሁለት ቀን ይላል፤ በወር ሁለት ጊዜ ከተሳካልኝ ትልቅ ነገር ነው። ሲፈቅዱም ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ጣቶቻቸውን ጨብጠው ይቀመጣሉ። እኔ ቶሎ እጨርስና ወጥ ቤት ጠረጴዛቸው ላይ ያለው ፎልደር ውስጥ እጽፋለሁ። አብዛኛውን ቀን የምጽፈው «ሻወር እምቢ አሉ» የሚል ነው።

አሥር ወር እንዲህ ሄድን። በፈረንጆቹ 2018 መስከረም ላይ ሴት ልጃቸው ኬረን ከሴንት ፖል ደወለችልኝ።

«እናቴ የተወለደችበት አገር አንድ የፍል ውሃ ማረፊያ አለ። ከመሞቷ በፊት አንድ ጊዜ እዚያ ገላዋን መታጠብ ትፈልጋለች። እኔ ነበርኩ ልወስዳት፤ ግን ባለቤቴ ለልብ ቀዶ ሕክምና ቀጠሮ ተያዘለት። አንቺ ትሄጂላታለሽ?»

ክሪስታል ውስጥ ከመኝታ ቤታቸው ስምንት እርምጃ ርቆ ያለ ሻወር እምቢ የሚሉ ሴት፣ ለመታጠብ ባሕር ሊሻገሩ ነው?

«እርግጠኛ ነሽ? እናትሽ እኮ ውሃ አይወዱም» አልኳት።

«እናቴ? እናቴ ከውሃ የምትወደው ነገር የለም» አለች ኬረን፤ እሷም በእኔ ደነገጠች።

ፓም የጉዞ ኬር ፕላን ጻፈች። ሐኪማቸው ፍል ውሃ ውስጥ ከአሥር ደቂቃ በላይ እንዳይቆዩ ብሎ ፈረመ። ቤት ስነግር ልጄ ሰሎሜ ስልኳን ከፍታ አየችና «ማሚ፣ ኔኬድ ነው የሚገባው፤ ራቁት! ዩ ኖው ዛት፣ ራይት?» አለችኝ። ሳቅኩባት። የዋና ልብስ ገዝቼ ሻንጣዬ ውስጥ ከተትኩ።

ማረፊያው ከቶኪዮ በባቡር ብዙ ተጉዘን የደረስንበት ተራራ ሥር ያለ የእንጨት ቤት ነው። ባለቤቲቱ አርባዎቹ ውስጥ ያለች ቀጭን ሴት ናት። ደጃፉ ላይ ተንበርክካ ግንባሯ ወለሉን እስኪነካ ድረስ እጅ ነሳችን። የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ፤ እኔም ልንበርከክ ስል ሚስ ሚቺኮ ክንዴን ያዙ። ጫማችንን አወለቅን። አንዲት ሠራተኛ የዎከሩን ጎማዎች አንድ በአንድ በእርጥብ ጨርቅ ወልውላ አስገባችልን።

ክፍሉ ውስጥ አልጋም ወንበርም የለም። ሣር የመሰለ ምንጣፍ ላይ አጭር ጠረጴዛ ብቻ ቆሟል። ሌላው እንግዳ ውበቱን ያያል፤ እኔ ያየሁት ዳሌያቸው የተጠገነ ሴት ከወለል ላይ እንዴት እንደሚነሱ ነው። የሚያስፈልጋቸውን ከፍታ በእጄ ለክቼ ለባለቤቲቱ አሳየኋት። ወዲያው ገባት፤ ፍራሽ በፍራሽ ላይ ሦስት ደርባ አልጋ ሠራችልን።

ከሰዓት በኋላ ወደ ሴቶች መታጠቢያ ሄድን። ሰሎሜ ትክክል ነበረች። አሮጊት፣ ወጣት፣ እናትና ልጅ፣ ሁሉም ራቁቱን ነው፤ ማንም ማንንም አያይም። እኔ የዋና ልብሴን ለብሼ ቆሜያለሁ። ባለቤቲቱ በእጇ አይሆንም አለችኝ።

«አውልቂው፤ ልብስ ውሃውን ያቆሽሻል» አሉኝ ሚስ ሚቺኮ።

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሰው አስወልቄያለሁ። ራሴ ሳወልቅ ግን ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። መጨረሻ ላይ የአንገቴን ሻርፕ ፈታሁ። ያኔ ባለቤቲቱ አፏን በእጇ ያዘች።

አንገቴ ላይ ንቅሳት አለኝ። በልጅነቴ ጎጃም ውስጥ በመርፌና በጥላሸት የተነቀስኩት፣ ሦስት ዙር የሆነ ነው። ባለቤቲቱ ደጋግማ እጅ እየነሳች አንድ ነገር ተናገረች።

«ንቅሳት ያለው ሰው እዚህ አይገባም ነው የምትለው» አሉ ሚስ ሚቺኮ። «እዚህ አገር የወሮበላ ምልክት ነው።»

«እኔ ወሮበላ? የሰባት ዓመት ልጅ ሆኜ እኮ ነው! ለውበት ነው!»

ሠራተኛዋ ሮጣ ፕላስተር አመጣች። የጃፓን ገላ መልክ ያለው ነጣ ያለ ፕላስተር ነው። አንዱን አንገቴ ላይ ለጠፈችው፤ መስተዋት ውስጥ ሳየው ንቅሳቱ ራሱ ይሻላል። ለሦስቱ ዙር ደግሞ ያላት ሁሉ አይበቃም። ፎጣዬን አገልድሜ፣ አሥራ ምናምን ሰው ፊት ቆሜ፣ መሬት ብትከፈት እገባ ነበር።

ሚስ ሚቺኮ ያኔ ተናገሩ። በአሥር ወር ውስጥ ድምፃቸው ከሹክሹክታ ከፍ ሲል ሰምቼ አላውቅም። ጃፓንኛው አልገባኝም፤ ግን መታጠቢያ ቤቱ በሙሉ ዝም አለ። ባለቤቲቱ እንደገና እጅ ነሳች፤ ከዚያ በረጅም ኮሪደር መርታ ለቤተሰብ ብቻ ወደተለየ ትንሽ መታጠቢያ ወሰደችን።

«ምን አሏት?» አልኩ።

«ልጄ ናት አልኳት።»

በሩን ከፍቼ ዎከራቸውን አስገባሁላቸው።

መታጠቢያው ውስጥ ሁለት አጫጭር የእንጨት መቀመጫዎች፣ ሁለት የእንጨት ባልዲዎች፣ ከጎን ደግሞ እንፋሎቱ የሚትጎለጎል የድንጋይ ገንዳ አለ። ገንዳው ውስጥ ከመግባት በፊት ሰው ቁጭ ብሎ ይታጠባል። መቀመጫው ለሚስ ሚቺኮ ዳሌ ዝቅ ስለሚል ሁለቱን ደርቤ አስቀመጥኳቸው። ባልዲውን ላነሳ ስል ቀደሙኝ።

«አንቺ እፊቴ ወለሉ ላይ ተቀመጪ። ጀርባሽን ስጪኝ።»

«ሚስ ሚቺኮ፣ ይሄ የእኔ ሥራ ነው።»

«ተቀመጪ።»

ተቀመጥኩ። ሌላ ቃል አልተናገሩም። ባልዲ ሙሉ ውሃ በአንዴ ከራሴ ላይ ወረደ። ትንፋሼ ተቋረጠ፤ ጮህኩ፤ ክንዴ በራሱ ወደ ኋላ ተወርውሮ ባልዲውን መታው። ባልዲው ግድግዳው ድረስ ተንከባለለ። ትንሽ ቢጠጋ ፊታቸውን ነበር የምመታው። ዞሬ ሳያቸው አልተቆጡም።

«ምን ብዬ ልጻፍሽ? ትማታለች ልበል?» አሉኝ።

«አስደነገጡኝ እኮ!»

«አንቺም ሁልጊዜ ታስደነግጪኛለሽ» አሉ ረጋ ብለው። «ፎልደሩን አነባለሁ፤ ወጥ ቤቴ ውስጥ ነው ያለው። ሻወር እምቢ አሉ፣ ሻወር እምቢ አሉ ይላል። አሥር ወር ሙሉ አንድ ቀን ውሃው ሊመጣ ነው ብለሽኝ አታውቂም። መነጽሬን ታወልቂያለሽ፣ ማየት አልችልም። ቧንቧው ይጮሃል፣ መስማት አልችልም። ከዚያ ይመጣል። ከየት እንደሚመጣ አላውቅም። እጄን የምጨብጠው ለዚያ ነው።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ትፈጥኛለሽ። የምናገርበት ቦታ የለም።»

ባልዲውን አንስቼ ሰጠኋቸው። እንደገና ሞሉት። «አሁን ግራ ትከሻሽ ላይ ነው። ሞቅ ያለ ነው» አሉ፤ ከዚያ አፈሰሱ። ያው ውሃ ነው፤ ገላዬ ግን አልተሸበረም። «አሁን ጀርባሽ። አሁን አንገትሽ» እያሉ ሳሙናውን በቀስታ ንቅሳቴ ላይ አዞሩት። እናቴ ከሞተች ወዲህ ሰው አጥቦኝ አያውቅም። ጀርባዬ ወደ እሳቸው ስለነበር ማልቀሴን አላዩም፤ ወይም አይተው ሳሙናውን ማዞር ቀጠሉ።

ከዚያ እኔ አጠብኳቸው። የማደርገውን ሁሉ አስቀድሜ እየነገርኩ አጠብኳቸው። ወደ ገንዳው ሳስገባቸው አብሬ ገባሁ፤ የእጃቸውን የደም ሥር ምት በጣቴ ይዤ ደቂቃ ቆጠርኩ። ጣቶቻቸው ውሃው ላይ ተዘርግተው ነበር። እጃቸውን ተዘርግቶ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው።

ሦስት ቀን ሰነበትን። ወደ ቶኪዮ ስንመለስ፣ ባቡሩ ውስጥ ሚስ ሚቺኮ መስኮቱን ተደግፈው እንቅልፍ ወሰዳቸው። እኔን ግን ሚስተር ሎውረንስ ትዝ አሉኝና ክው አልኩ። ሚስተር ሎውረንስ ከጥቂት ዓመት በፊት የማጥባቸው፣ የመርሳት በሽታ ያለባቸው ደንበኛ ናቸው። ሦስት ጊዜ ሻወር ውስጥ ሊመቱኝ ሞክረው ሦስት ጊዜ «ይማታሉ» ብዬ ጻፍኩ። ያንን ያነበቡ ልጆቻቸው ከገዛ ቤታቸው አውጥተው በሩ በቁልፍ ወደሚዘጋ ተቋም አስገቧቸው። ውሃው ሊመጣ መሆኑን ነግሬያቸው አውቅ ነበር? በፍጹም።

ሚኔሶታ ስመለስ የሆነውን ሁሉ ሳልደብቅ ኖት በምንለው የቻርቱ ማስታወሻ ላይ ጻፍኩ። ፓም ቢሮዋ ጠራችኝ። ወረቀቱን ይዛ ፊቷ ቀልቷል።

«አዳነች፣ ከደንበኛ ጋር አብረሽ ራቁትሽን ታጠብሽ? አጠበችሽ? ይሄን ራስሽ ነው የጻፍሽው?»

«እኔ ነኝ። የሆነው እሱ ነው።»

«ዝም ብትይ ማን ያውቅ ነበር?»

«ኖት ሐሰት አይጻፍበትም ብለሽ ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ። ደግሞ ሌላ የምነግርሽ አለኝ። የሚስተር ሎውረንስ ፋይል ላይ ማረም የምፈልገው አለ።»

የባልዲውን ነገር ነገርኳት። ፋይሉን ፈልጋ አየች።

«ሚስተር ሎውረንስ እዚያው ተቋም ውስጥ አምና ሞተዋል። ፋይላቸው ተዘግቷል» አለችኝ።

ወንበሩን ይዤ ቁጭ አልኩ። ለዚያ እስከ ዛሬ የማደርገው ነገር የለኝም።

ጉዳዩ እስኪጣራ ከሚስ ሚቺኮ ቤት አነሱኝ፤ ሌላ ሠራተኛ ተላከች። ሦስት ሳምንት ሙሉ የእሷም ኖት «ሻወር እምቢ አሉ» የሚል ነበር። ኬረን ቢሮ ድረስ መጥታ ከፓም ጋር ተነጋገረች። በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶኝ ተመለስኩ። ከደንበኛ ጋር እንዳልታጠብ ፈረምኩ፤ ፓም በእሷ በኩል የሚስ ሚቺኮን የሻወር ጊዜ ወደ አርባ ደቂቃ ከፍ አደረገችው። ከዚያ በኋላ ባጠብኳቸው አንድ ዓመት ከምናምን ውስጥ አንድም ቀን እምቢ አላሉም። ሲሞቱ ለመጨረሻ ጊዜ ያጠብናቸው ኬረንና እኔ ነን። ያኔም ውሃው ከመፍሰሱ በፊት ተናገርኩ፤ ኬረን ለምን ብላ አልጠየቀችኝም።

አሁን አዲስ ሠራተኞችን የማሠለጥነው እኔ ነኝ። የማስተምረው ብዙ አይደለም። ከመንካታችሁ በፊት፣ ከማፍሰሳችሁ በፊት ተናገሩ፤ ሰውየው ባይሰማም፣ ባይገባውም ተናገሩ። ቻርት ስትጽፉ ደግሞ ደንበኛው ያደረገውን ብቻ አትጻፉ። ከዚያ በፊት እናንተ ያደረጋችሁትንም ጻፉ።