ጋሽ እፍኝ ሱፐርማርኬት የገቡ ዕለት

ስማቸው ሌላ ነበር፤ ሰፈሩ ግን ጋሽ እፍኝ ነው የሚላቸው። እሳቸውም ከመልመዳቸው የተነሣ፣ በትክክለኛ ስማቸው የጠራቸው ሰው ሲመጣ ከመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ይዞ የመጣ ይመስላቸውና መነጽራቸውን ፍለጋ ይገባሉ።

ቅጽል ስሙ የመጣው ከሚዛናቸው ነው። ሩዝም ይሁን ስኳር፣ ምስርም ይሁን ዱቄት፣ በቆርቆሮ መዛቂያ እየዛቁ ይመዝናሉ። የሚዛኑ ቀስት ልኩ ላይ ሲደርስ እስኪረጋ ድረስ ትንፋሻቸውን ውጠው ይጠብቃሉ። ከዚያ መዛቂያውን ያስቀምጡና በባዶ እጃቸው ከጆንያው አንድ እፍኝ ዘግነው ይጨምራሉ። ለሩብ ኪሎም ያው፣ ለአምስት ኪሎም ያው።

«ጋሼ፣ ሞላ እኮ» ይላቸዋል አዲስ ገዢ።

«የሞላው የሚዛኑ ነው። ይሄ የኔ ነው።»

ሱቃቸው ከቤቴ ፊት ለፊት፣ ባለ ሦስት ፎቅ አሮጌ ሕንፃ ሥር ነበር። የእንጨቱ ባንኮኒ ሰው ክንዱን የሚያሳርፍበት ቦታ ላይ ተበልቶ ጎድጉዷል። የጆንያዎቹ አፍ እንደ ሸሚዝ እጅጌ ተጠቅልሏል። ሳሙናና ላምባ አንድ ላይ ይሸታሉ። ከጎናቸው «ምላጭ» የምንለው ፀጉር አስተካካይ አለ፤ ምላሱ ከመሣሪያው ይልቅ ስል ነው። ከበላያቸው፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ፣ የሰፈሩን ሙሽራ ሁሉ ሰፍተው ያለበሱ እማማ ይኖራሉ። ጉልበታቸው ከከዳቸው አራት ዓመት ሆኖታል። የሚፈልጉትን ከሰገነት ይጣራሉ፣ ቅርጫት በገመድ ያወርዳሉ፣ ገንዘቡ ቅርጫቱ ውስጥ ነው። የሟች ባላቸው ጡረታ ትንሽ ናት፤ ኩራታቸው ግን ለሦስት ሰው ይበቃል። ጎረቤት ሾርባ ቢልክላቸው፣ በማግስቱ ሳህኑ የሚመለሰው አንድ ቀዳዳዋ የተሰፋ ልብስ ተደርጎበት ነው። «የሰው እጅ አይቼ አላድርም» ይላሉ።

እፍኙ ከየት እንደመጣ ጋሼ የነገሩኝ አንድ ከሰዓት፣ ዝናቡ ገዢ አላስወጣ ብሎ ሁለታችን ባንኮኒው ላይ ተደግፈን ሳለ ነው። ወጣት ሳሉ አንድ የእህል መጋዘን ውስጥ መዛኝ ነበሩ። ባለመጋዘኑ ከሚዛኑ ሥር ቁራጭ ብረት አስሮበት ስለነበር ገበሬ ከሚያመጣው ከእያንዳንዱ ጆንያ ሁለት ኪሎ ይቀራል። እሳቸው ያውቃሉ። ልጅ ተወልዳላቸው ነበርና ዝም አሉ።

«አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ሰው ፊት ለፊት ቆሜ ጎደሎ መዝኛለሁ» አሉኝ። «ያ ሁሉ ገበሬ ደግሞ ‹እግዜር ይስጥልኝ› ብሎኝ ነው የሚሄደው። ቢሰድበኝ ኖሮ እረሳው ነበር።»

ሚስታቸው ከጓሮ ሆነው እየሰሙ ነበር። «አንተ ሰውዬ፣ ዕድሜህን እየዘገንክ ጨረስከው!» አሉ።

ዋጋ ያበደው በዚያ ዓመት ነው። ጠዋት የጠየቁት ከሰዓት በኋላ አይገኝም። ከታች፣ ከዋናው መንገድ ዳር፣ ድሮ የቤት ዕቃ ይሸጥበት የነበረው አዳራሽ ሱፐርማርኬት ሆነ። በሩ ራሱ ይከፈታል፤ ውስጡ ቀዝቃዛ ነው፤ ማንም የማይሰማው ሙዚቃ ይዘፈናል። በመኪና ሙሉ ስለሚያራግፉ አንዳንዱን ነገር ጋሼ ከአከፋፋይ ከሚረከቡበት ባነሰ ዋጋ ይሸጡታል።

እኔ አስተማሪ ነኝ፤ ደመወዜ የትም አይሸሽም፣ የትም አይደርስም። እኔና ባለቤቴ ከጎረቤቱ ሁሉ ጋር ቁልቁለቱን መውረድ ጀመርን። ግን በሐፍረት። የሱፐርማርኬቱን ከረጢት ቤት ትተን የራሳችንን ዘንቢል እንይዛለን። የገዛነውን ሳሙና ሽንኩርት እናለብሰዋለን። ስንመለስ በዳቦ ቤቱ ጀርባ እንዞራለን። አንዳንዴ መዞሪያው ጭቃ ሲሆን ግን በጋሼ ደጅ ማለፍ ግድ ይሆናል። ያኔ ጋሼ ሁልጊዜ ጀርባቸውን ሰጥተው መደርደሪያ ሲያስተካክሉ ነው የምናገኛቸው። እኔ ዕድለኛ ነኝ እል ነበር።

«ዕድለኛ!» አለኝ ምላጭ። «ቁልቁለቱ ላይ ሲያዩህ እኮ ነው የሚዞሩት፣ እንዳታፍር ብለው። ያንን የቲማቲም ቆርቆሮ ስንት ጊዜ እንዳስተካከሉት ብትጠይቀው ይነግርሃል።»

ይህን ካወቅሁ በኋላ ሐፍረቴ እጥፍ ሆነ። ቢሆንም መውረዴን አልተውኩም። ጥቃቅኑን፣ ጨው፣ ክብሪት፣ ሩብ ኪሎ ስኳር ከጋሼ እንገዛለን። ሱቁን ያቆመው የኛው ይሉኝታ ነበር ማለት ይቻላል።

ከዚያ ዘይት ከጋሼ መደርደሪያ ጠፋ። አከፋፋዩ የሚጠይቀው ዋጋ ከሱፐርማርኬቱ መሸጫ በላይ ሆነ። ለምን አላመጡም ብሎ የጠየቃቸው የለም፤ መውረድ የሚችል ሁሉ እየወረደ ይገዛ ነበር።

አንድ ሐሙስ፣ ምሳ ሰዓት ላይ፣ ከሱፐርማርኬቱ ሰልፍ ውስጥ ቆሜ ከፊቴ የማውቀው ማጅራት አየሁ። ሽርጥ የለም። ኮት እስከ አንገት ተቆልፏል። ለአንድ ሰው ከሁለት ጠርሙስ ዘይት በላይ አይሸጥም ነበርና፣ ጋሽ እፍኝ ሁለት ጠርሙስ፣ ጽሑፉን ወደ ደረታቸው አዙረው፣ ሕፃን እንደታቀፈ ሰው ይዘዋል። ዘወር አሉና ዓይን ለዓይን ተጋጨን።

«አንተም እዚህ ነህ?» አሉኝ።

«እኔማ ሳልፍ ነው ጋሼ። እርስዎስ?»

«ዋጋ ልይ ብዬ ነው» አሉ ጠርሙሶቹን እያዩ። «እነዚህ ሰዎች በስንት እንደሚሸጡ…»

ዋጋ ሊያይ የመጣ ሰው ሰልፍ አይሰለፍም። ከፈሉ፤ ከኪሳቸው ጋዜጣ አውጥተው ሁለቱንም ጠቀለሉና ወጡ።

በማግስቱ ምላጭ ዘንድ ፀጉሬን እየተስተካከልኩ ተናገርኩት። ለምን እንደተናገርኩ አላውቅም ብል እዋሻለሁ። ለወራት አንገቴን ደፍቼ በደጃቸው አልፌያለሁ፤ እሳቸውም እዚያ መግባታቸው አንገቴን ቀና አደረገልኝ። ወረፋ የሚጠብቁ አራት ሰዎች ነበሩ።

«ጋሽ እፍኝ? እዚያ?» አለ ምላጭ መቀሱን አየር ላይ አቁሞ። «ታዲያ ገንዘብ ተቀባይዋን ‹ልጄ፣ እፍኙስ?› አላሏትም?»

ሳቅን። እኔም ሳቅሁ፤ ከሁሉም ይበልጥ።

ቀልዱ በሁለት ቀን ሰፈሩን አዳረሰ። ባለሱቁ ራሱ ከዚያ ከገዛ እኛን ማን ሊወቅሰን ነው? ሰው የሱፐርማርኬቱን ከረጢት አንጠልጥሎ በፊት ለፊታቸው ማለፍ ጀመረ። ጀርባቸውን የሚያዞሩበት ምክንያት ጠፋ። በሳምንቱ ደግሞ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። «ከዚያ በርካሽ እያነሱ ለኛ አትርፈው ይቸበችቡልናል» ተባለ። ማን እንዳለው አልታወቀም፤ ሁሉም ከሌላ ሰው ነው የሰማው።

አንድ ቀን ክብሪት ልገዛ ቆሜ ሳለ የሰፈራችን ደላላ ሚስት አንድ ኪሎ ሩዝ አስመዘነች። ጋሼ መዘኑ፣ እፍኛቸውን ጨመሩ፣ ቋጠሩ።

«እስቲ ይድገሙልኝ» አለች።

ፈቱና መልሰው ሚዛኑ ላይ አፈሰሱት። ቀስቱ ልኩን አልፎ ቆመ። አየችው፣ ከንፈሯን ነከስ አደረገች።

«ለነገሩ ሚዛኑም የርስዎ ነው።»

ጋሼ ሩዙን ሲመልሱ ጥቂት ፍሬዎች ባንኮኒው ላይ ተበተኑ፤ አንድ በአንድ ለቅመው አስገቡላት። እኔ ቆሜአለሁ። ‹ተይ፣ እኚህን ሰው አታውቂያቸውም› ማለት ይቻል ነበር። ክብሪቴን ይዤ ወጣሁ።

ወር ሳይሞላ ሱቁ ተዘጋ። መደርደሪያ ሲያወጡ ላግዛቸው ሄድኩ። ሚስታቸው ከጓሮ ልብስ ያስራሉ። ወደ ሌላ ከተማ፣ ልጃቸው ዘንድ ሊሄዱ ነው። አንዱን ጣውላ ጫፍና ጫፉን ይዘን ሳለ አላስቻለኝም።

«ጋሼ፣ ወሬውን ያመጣሁት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ። ቀስ በል፣ ሚስማር አለው።»

«ያን ዘይት አልሸጡትም ነበር እንዴ?»

«ሸጬዋለሁ። ላይ ላለችው።» በአገጫቸው ወደ ጣሪያው አሳዩኝ። «በድሮው ዋጋ። ስኳሩንም፣ ሩዙንም ለሷ በድሮው ነው። ጡረታዋ እንደሆነ አልጨመረ፤ እሷ ደግሞ ወርዳ ዋጋ አታይ። ‹ይገርማል፣ እኛ ሰፈር ዘይት አልተወደደም› ትለኛለች። እኔም ‹አልተወደደም› እላለሁ።»

ጣውላውን መሬት አስቀመጥነው።

«ታዲያ ለምን ለሰው አልተናገሩም? ያ ሁሉ ስም ሲሰጥዎት…»

«ብናገር በአንድ ቀን ትሰማለች። ከሰማች ከኔ ምንም አትገዛም፤ ጾሟን ታድራለች እንጂ።» ከዚያ ፈገግ አሉ። «ስሜን እንደሆነ ድሮም አትጠሩትም ነበር።»

ዘይቱን እኔ እንድቀጥል አስማሉኝ። «ስታቀብላት ታች ሁን። ከቅርብ እንዳታይህ፤ ፊትህ ውሸት አይችልበትም።»

ሁለት ወር ገደማ ቻልኩበት። ባለቤቴ ሳታጉረመርም የዋጋውን ልዩነት ከኛው ወጪ ቀንሳ ትሰጠኛለች፤ እኔ መንገድ ላይ ቆሜ በቅርጫቱ አቀብላለሁ። አንድ ቅዳሜ እማማ «ና ውጣ» ብለው ጠሩኝ። ክፍላቸው ንጹሕ ነው፤ የስፌት መኪናዋ በነጭ ጨርቅ ተሸፍናለች። ጉልበታቸውን ልታይ የመጣች ነርስ ስለ ኑሮ ስታማርር ከታች ከሱፐርማርኬቱ የገዛችውን ዘይት ዋጋ ጠቅሳላቸው ነበር።

«አንተ በስንት ነው የምትገዛልኝ?»

የድሮውን ዋጋ ነገርኳቸው።

«አስተማሪ ነህ አይደል? ተማሪ እንዲህ ሲዋሽህ ምን ታደርገዋለህ?»

ዓይኔን ወደ ስፌት መኪናዋ አዞርኩ። «ከመቼ ጀምሮ ነው?» አሉኝ። ነገርኳቸው፤ ሱፐርማርኬቱን፣ ሁለቱን ጠርሙስ፣ ቀልዱን፣ የደላላውን ሚስት። እስከ መጨረሻው ሳያቋርጡኝ ሰሙ። ከዚያ ነጠላ ጫማቸውን በእግራቸው ፈለጉ።

«አውርደኝ።»

«እማማ፣ ደረጃው…»

«አውርደኝ አልኩህ!»

ሦስት ፎቅ ቁጭ እያሉ፣ ደረጃ በደረጃ ወረዱ። እኔ ከፊት ከፊት ሆኜ እግራቸውን እይዛለሁ። ምላጭ ቤት ስንገባ ሰው ሁሉ ተነሣ፤ አራት ዓመት ከሰገነት በታች ያያቸው የለም። ሳይቀመጡ፣ የበሩን መቃን ይዘው፣ ለዘይት ለጋሼ ስንት ይከፍሉ እንደነበረ ተናገሩ። ለስኳሩም፣ ለሩዙም። ሌላ አልጨመሩም። ምላጭ ማሽኑን አጠፋው።

«እኔኮ ቀልዴን ነው» አለ ማንም ሳይጠይቀው።

የጋሼ ልጅ ስልክ ቁጥር እሱ ዘንድ ነበር። ደወለና ሁላችን እንድንሰማ ድምፁን ከፍ አደረገው። አንዲት ሴት አነሣች።

«አባዬ ከዚያ ሰፈር ስልክ ሲመጣ እንዳላቀርብለት ነግሮኛል። አትቀየሙኝ» አለች። «ከመጣ ጀምሮ እንደሆነ ወሬም የለው፤ መስኮት ላይ ነው የሚውለው።»

ምላጭ ስልኩን ወደ እኔ ገፋው። እኔ ወደ እማማ አዞርኩት።

«ልብስ ሰፊዋ ናት በይው» አሉ እማማ ከበሩ።

በስልኩ ውስጥ የነጠላ ጫማ ድምፅ ራቀ። ቆይቶ ተመለሰ።

«‹እዚያ ዘይት ስንት ገባ?› ብለሽ ጠይቂልኝ ይላል» አለች ልጅቱ፤ ግራ እንደገባት ከድምፅዋ ያስታውቃል።

ሁላችንም እማማን አየናቸው። ይቅርታችንን፣ እውነቱን፣ የጋሼ ስም እንደጠራ፣ አሁን ይነግሩልናል ብለን ጠበቅን። እሳቸው መቃኑን በሌላው እጃቸው ያዙት።

«አልጨመረም በይው» አሉ። «እኔ የምገዛው በድሮው ነው። አስተማሪው ነው የሚያመጣልኝ በይው።»

የነጠላ ጫማው ድምፅ እንደገና ራቀ። ከሩቅ የወንድ ድምፅ አንድ ነገር አለ፤ ምን እንደሆነ አልሰማንም። ልጅቱ «እሺ ብሏል» አለችና ዘጋች።

እማማን በፀጉር መስተካከያው ወንበር ላይ አስቀምጠን፣ እኔና ምላጭ በግራና በቀኝ ይዘን፣ ሦስት ፎቅ አወጣናቸው። በየፎቁ እያረፍን ብዙ ጊዜ ፈጀብን።