በሁለት እጅ የተቀበልኳት ኳስ

ጎሬ ላይ፣ በአጎቴ በጋሼ ወልዴ ቤት ልጅ ሳለሁ፣ ከግቢ የምወጣው ለትምህርት ቤትና ለቤተ ክርስቲያን ብቻ ነበር። አባቴ ሲሞት ነው ከመቱ የወሰዱኝ። እናቴ እዚያው ቀረች። በእግር የአንድ ቀን መንገድ ቢሆንም ዓመት ከመንፈቅ አላየኋትም። ሂድ ያለኝ አልነበረም፤ ልሂድም አላልኩም።

ጋሼ ወልዴ የአውራጃው ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ ነበሩ። የመቱኝ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ ሁለቱንም ጊዜ ዕቃ ሲሰጡኝ በአንድ እጅ በመቀበሌ። አመሻሹ ላይ እሳቱ ወደ ፍም ሲለወጥ፣ ኩራዙም ሲበራ፣ ተረት ያወሩልኝ ነበር። ያኔ ዝናቡ ስለማያባራ በሩም መስኮቱም ይዘጋል፤ ጭሱ መውጫ አጥቶ ጣሪያው ሥር ይንጠለጠላል፤ እሳቸውም ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ምድጃው እያዩ ይናገራሉ።

ፋሲካ ሲቃረብ ፈረንጁ መምህራችን በትምህርት ቤቱ ሜዳ ሁለት ግንድ አቁሞ መረብ ወጠረ። ጸሐፊዎችና ተማሪዎች ተደባልቀን፣ በየወገኑ ስድስት ስድስት ሆነን መረብ ኳስ እንድንጫወት ተወሰነ። እኔና ጋሼ ወልዴ በአንድ ወገን ተመደብን። እሳቸው ሕጉን ተምረው መጡና የዚያ ሳምንት ተረታቸው እሱ ሆነ።

«ሁለት አገሮች ነበሩ» አሉ። «በመካከላቸው አጥር አለ፤ አጥሩን የነካ ይቀጣል። አንድ እንግዳ ከወዲያኛው አገር የኋላ መስመር ተለግቶ ይመጣል። እኛ አገር መሬት ከወደቀ ተዋረድን። በሦስት ሰው እጅ አልፎ መሻገር አለበት፤ አንዱ ሰው ሁለቴ አከታትሎ አይነካውም። ይዞ የሚያሳድረውም ጥፋተኛ ነው።»

ለምን እንደማይያዝ ጠየቅኋቸው።

«የተያዘ እንግዳ እስረኛ ነው» አሉኝ።

እሳቸው ቀጠሉ። ነጥብ የሚቆጠርለት የሚለጋው ወገን ብቻ ነው፤ መለጋቱን የነጠቀ ወገን ደግሞ ቦታ ይቀያየራል፤ ጸሐፊም ይሁን ተማሪ ተራው ሲደርስ ወደ ኋላ ይሄዳል። አሥራ አምስት የሞላለት አሸነፈ። በመጨረሻ ፍሙን በእንጨት እየነካኩ፣ ካሸነፍን ለፋሲካ መቱ እናቴ ዘንድ እንደምሄድ ነገሩኝ። በማግስቱ ለአንድ የመቱ ነጋዴ ለፋሲካ እንደምመጣ ለእናቴ ንገርልኝ አልኩት። ጨርቅ ጠቅልዬ ከጓሮው ግድግዳ ጋር ስለጋ ሰነበትኩ።

የጨዋታው ቀን ሰው ሜዳውን ከብቦ ቆመ። እስከ መጨረሻው ተናነቅን። አሥራ አራት ለአሥራ ሦስት እየመሩን ለጉ። ኳሷ ወደ ጋሼ ወልዴ መጣች። በጣቶቻቸው ለስለስ አድርገው ወደ እኔ አሳለፏት። መረቡ አጠገቤ ነበር፤ ወዲያ ማዶ ባዶ ቦታ ይታየኛል። እኔ ግን ያየሁት የእሳቸውን እጅ ነው። ኳሷን በሁለት እጄ ተቀበልኳት፤ ጎንበስም አልኩ።

ፊሽካው ተነፋ፤ ተሸነፍን። አንዱ ልጅ ከማዶ «ጋሼ፣ ይመርቁት እንጂ! እጅ ነስቶ እኮ ነው የተቀበለዎት» አለ። ሜዳው በሳቅ ተሞላ። አማርኛ የማያውቀው ፈረንጅ እንኳ ሳቀ። ጋሼ ወልዴ ነጠላቸውን አንስተው ወደ ቤት ቀደሙኝ።

ያን ምሽት ተረት አልነበረም። ብዙ ቆይተው «ያስተማርኩህን ነው ያደረግከው» አሉ። ቀጥለውም «ቃል ግን ቃል ነው፤ ካሸነፍን ነበር ያልኩህ» አሉ። አመዱን ሲነካኩ፣ ቀና ብለው ሲያዩኝ፣ መልሰው አመዱን ሲነካኩ ረጅም ጊዜ ሆነ።

«እሺ፣ ጋሼ» አልኩ።

ዛሬ ሳስበው፣ ልመናዬን ይጠብቁ የነበረ ይመስለኛል። አንድ ቃል ብናገር ቃላቸውን ያጥፉልኝ ነበር። ያኔ ግን ልጅ ለትልቅ ሰው ከእሺ ሌላ መልስ እንዳለው አላውቅም ነበር።

ነጋዴው መልእክቴን አድርሶ ኖሮ፣ እናቴ በፋሲካ ዋዜማ እስኪመሽ መንገድ ዳር ቆማ እንደነበር ኋላ ሰማሁ። እኔ መቱ የገባሁት ከሁለት ክረምት በኋላ፣ ቁመቴ ረዝሞ፣ የጋሼ ወልዴን አሮጌ ኮት ለብሼ ነው። በሩ ላይ ስቆም እናቴ ከውስጥ ብቅ ብላ አየችኝ።

«ማንን ፈልገው ነው?» አለችኝ።

ወዲያው አውቃኝ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች፤ አለቀስን፤ በላን፤ ጠጣን። ከዚያ ወዲህ ብዙ ዓመት አብረን ኖረናል። ስለዚያች ጥያቄዋ ግን እሷም አላነሳችም፣ እኔም አልጠየቅኋትም።