የኦቦ ኢቲቻ ማጣሪያ

ኦቦ ኢቲቻ ሰበታ ውስጥ፣ ከወንዙ ዳር ጎመንና ካሮት እያመረቱ ልጆች ያሳደጉ ገበሬ ናቸው። ከላይ በኩል የጨርቅ ማቅለሚያ ፋብሪካ ከተከፈተ ወዲህ ወንዙ አንድ ቀን ሰማያዊ፣ ሌላ ቀን ቀይ ሆኖ ይወርዳል። እጅ ሲነካው ያሳክካል። ያላመለከቱበት ቢሮ የለም፤ ሁሉም እናየዋለን እያለ ሸኛቸው።

አማቻቸው ከአርባ ምንጭ የሽፈራው ዛፍ ፍሬ ይዞላቸው መጣ። እዚያ ሰዉ ፍሬውን ወቅጦ በደፈረሰ ውሃ ሲያማስለው ጭቃው እንደሚዘቅጥ ነገራቸው። ኦቦ ኢቲቻ በርሜል ከሥሩ በስተው ጠጠር፣ አሸዋና የደቀቀ ከሰል ደረደሩበት። በሽፈራው ያዘቀጡትን ውሃ ቢያፈሱበት ጠርቶ ወረደ። ባለቤታቸው አያንቱ በብርጭቆ ቀድታ ወደ ብርሃን አነሳችውና አለቀሰች።

ራሳቸው ለመጠጣት አልደፈሩም፤ ለከብት ግን ይበቃል ብለው ላሚቱን አጠጧት። እርጉዝ ነበረች። ከሳምንታት በኋላ ጨነገፈች፤ ቆይታም ሞተች። ያያት የእንስሳት ሐኪም የሽፈራው ፍሬ ጭቃውን እንጂ የፋብሪካውን መርዝ እንደማያወጣው አስረዳቸው።

የበርሜሉ ወሬ ግን ቀድሞ ፋብሪካው ደርሶ ነበር። ተክሉ የሚባል የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛ ካሜራ አስይዞ መጣ። ፋብሪካው ለየቤቱ እንዲህ ያለ በርሜል ሊያድል መሆኑን ነገራቸውና፣ ስለ ጥቅሙ ጥቂት እንዲናገሩ ለመናቸው።

«ላኪ፣ አይሆንም» አሉት ኦቦ ኢቲቻ በኦሮምኛም በአማርኛም። «ላሜን የገደላት ይሄ ጠራ የምትሉት ውሃ ነው። እናንተ እየመረዛችሁ እኔ ላጣራ? በርሜል ከተረፋችሁ ቧንቧችሁ አፍ ላይ ትከሉት።»

ተክሉ ልንረዳ እንጂ ልንጣላ አልመጣንም አለ። በርሜሎቹም ታደሉ። ኦቦ ኢቲቻ በየቤቱ እየዞሩ የደረሰባቸውን ተናገሩ፤ ምስጋና ቢስ ያሏቸው አልጠፉም። የሰሟቸው ጥቂት ጎረቤቶች ግን በርሜላቸውን እያንከባለሉ ተከተሏቸውና የፋብሪካው በር ላይ ደረደሩት። ጥበቃዎቹ አንስተው ወረወሩት። በዚያው ሰዓት ወንዙ ቀይ ሆኖ ይወርድ ነበር።

በማግስቱ ኦቦ ኢቲቻ ከዚያው ወንዝ ጠጥቶ የደረሰውን ጎመን ሁሉ ነቅለው መንገድ ዳር ከመሩት። ከአዲስ አበባ የመጣ ነጋዴ መኪናውን አቁሞ ዋጋ ጠየቀ።

«አይሸጥም» አለችው አያንቱ፣ በላዩ ላይ አመድ እየበተነች።